ሳይደፈን የቀረው የምሰሶ ጉድጓድ

ከተማ ልግባ ወይስ እዚሁ ልሙት እያለ የሚያማክረኝ የባላገር ሰው ብዙ ነው፣ አምበር ከተማ ገበያ ሲወጣ ቤቴ ጎራ ይልና «አያ ጫኔ፣ ኑሮው እንዴት ነው፣ ለመዳችሁ ወይ?» ይለኛል፣ እኔም «ደግ ነው፣ ውሃው ከደጅ ነው፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው» እለዋለሁ፣ እሱም ሊሰማ ያሰበውን ስለነገርኩት ደስ ብሎት ይሄዳል። አንተን ግን እንደዚያ ብዬ አልሸኝህም፣ ቁጭ በልና ስማኝ። አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ የቃልቻ ደጅ ረግጬ አላውቅም፣ ወንዝ ዳር አምሽቶ «አንዳች ነገር ለከፈኝ» የሚለኝን ሰው «ብርድ ነው የለከፈህ፣ ጋቢህን ደርብ» እያልኩ ስስቅበት ነው የኖርኩት። ትምህርቴ ዳዊት ለመድገም እንኳ አልደረሰም፣ ፊደል ቆጥሬ ወደ እርሻ ተመለስኩ፣ ግን ዓይኔን አምናለሁ፣ ጆሮዬንም አምነው ነበር። ዛሬ ጆሮዬን አላምነውም፣ እንዲያውም አንዳንድ ቀን የራሴን ድምፅ ስሰማ እጠራጠራለሁ።

የኖርነው ሾላ በር ነው፣ ከአምበር ወደ ላይ ነው፣ ማለዳ የተነሳ እግረኛ ቀትር ላይ ይደርሳል፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ ገብስና ድንች ይወዳል። እዚያ ተወለድኩ፣ እዚያ ባለቤቴን እንጉዳይን አገባሁ፣ እዚያ የቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። ቆርቆሮ ቤት ስሠራ አባቴ ለሣር ቤቱ ያቆመውን የጥድ ምሰሶ አልጣልኩትም፣ ከመሃል አቆምኩት፣ በአንድ ወገን እኛ፣ በሌላው ወገን ጋጣው፣ እሱ በመካከል። በጋጣው በኩል ያለው ጎኑ በሬዎች እየታከኩበት ቅቤ እንደተቀባ ለስልሷል፣ በእኛ በኩል ያለው ደግሞ እንጉዳይ ስትነሳና ስትቀመጥ እጇን እየደገፈችበት ጠቁሯል፣ እንግዲህ የእኛን ኑሮ ማወቅ የፈለገ ሰው ያንን እንጨት ዞሮ ቢያየው ይበቃው ነበር።

ልጃችን ይሁኔ ደብረ ማርቆስ ነው ያለው፣ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚለን።

«አባዬ፣ እናቴን ደም ግፊት ይዟታል፣ የአንተም ጉልበት እንቢ ብሏል፣ ጊዜው እንደምታየው ነው፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። ብትታመሙ በቃሬዛ የሚያወርዳችሁ ጎረምሳ እንኳ ቀርቷል?»

እውነቱን ነው፣ አልቀረም። አምበር ላይ ቦታ ነበረው፣ ብሎኬት ቤት ልሥራላችሁ አለ፣ እንጨቴን ትቼ አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። ይኼ እንግዳ ነገር አይደለም፣ በእኛ አገር ሰው ሲነሳ ቤቱን ይዞ ይነሳል፣ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ቋሚና ማገሩ ይፈታል፣ በአይሱዙ ይጫንና ከሄደበት ይቆማል፣ የቤት እንጨት ዝም ብሎ አይጣልማ።

እንጉዳይ ግን አልፈለገችም።

«የት ነው የምትወስደኝ?» አለችኝ።

«ሐኪም ካለበት።»

«ሐኪም ስታመም ነው። እኔ የጠየቅሁህ ሳልታመም የት እንደምውል ነው።»

ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። የእሷን ዝምታ አታውቀውም፣ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ነው። እኔ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም፣ የቀረችንን ዕድሜ እሷ ከእኔ ጋር እንድትሆን፣ ቦታውን ለምዳ፣ ደሟ ረግቶ፣ ማታ ማታ እያወራችኝ። ይኼን ያዝልኝ፣ የምነግርህ ሁሉ ስለዚች ምኞት ነው።

ቤት ሲፈርስ የእኛ ሰው የሚጠብቃት አንዲት ሥርዓት አለች፣ ቋሚ የተነቀለበት ጉድጓድ ፀሐይ ሳትገባ መደፈን አለበት። ከብት ገብቶበት እግሩን እንዳይሰብር ነው፣ ይኼ ለማንም ይገባል። አባቴ ግን «ጉድጓዱ ክፍት የቀረ ቤት፣ ሄዷል አትበለው» ይል ነበር፣ እኔ የከብቱን ብቻ ነበር የማምነው። የማዕዘኑንም የግድግዳውንም ደፈንን፣ ምሰሶው መጨረሻ ላይ ተነቀለ፣ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ያስጮሃል፣ ስለዚህ መሬቴን በእኩል ለሚያርስልኝ ለእህቴ ልጅ ለስማቸው «ይቺን ድፈናት» ብዬው ወደ ጫኚዎቹ ሄድኩ። በሬዎቼ መክትና ቦሬ ቀደም ብለው ለሩቅ አገር ሰው ተሸጠው ነበር፣ መክት ሲነዳ ዞሮ እንኳ አላየኝም፣ ያ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አምበር ላይ ቤቱ እንደነበረው ቆመ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው በር፣ ያው ምሰሶ። መሬቱ ብቻ ነው ሌላ፣ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ይሁኔም በላዩ ሊሾ አስደረገበት፣ ከብት ስለሌለን ጋጣው ለብቻው በር ወጥቶለት ክፍል ሆነና ሰይድ ለሚባል መምህር አከራየነው። የወሎ ልጅ ነው፣ ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ማታ ማታ የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል፣ እንጉዳይን «እማ» ይላታል፣ እሷም ድንች ስትቀቅል ትልክለታለች።

የከተማውን ነገር ብትጠይቀኝ ደግሞ፣ አስፋልቱ ዳር የደብሬ ሱቅ አለች፣ ደብሬ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሆነች ሴት ናት፣ ከሱቋ ደጅ አግዳሚ አለ፣ እዚያ የምንውለው ሁላችንም ከሌላ ቦታ የመጣን ነን።

«አያ ጫኔ፣ ዛሬም ወደ ላይ ወደ ላይ ታያለህ፣ በግ ጠፋህ?» ትለኛለች።

«ደመናውን ነው። ለገብስ ደግ ነው።»

«የምን ገብስ? ያንተ ገብስ እኔ ሱቅ ነው ያለው፣ በኪሎ።»

«ተይው» ይላል አስር አለቃ፣ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ «ገበሬ ከተማ ሲገባ ሰማይ ሲያይ ይከርማል፣ ከዚያ አንገቱን ያመውና ይተዋል።»

«አንተስ ምኑን ለመድህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«እኔማ መብራቱን ለመድሁ።»

«መብራቱ ከጠፋ ሰነበተ አይደል እንዴ?»

«መጥፋቱንም ለመድሁ!» አለ፣ እኛም ሳቅን።

እንዲህ እንስቃለን፣ ግን እመነኝ፣ ሳቁ ከጥርስ አያልፍም። ባላገር ሳለሁ ማንም ሰው ማነህ ብሎኝ አያውቅም፣ እዚህ ቀበሌ ስሄድ ማነህ፣ ወፍጮ ቤት ስሄድ ማነህ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የቆምኩበት ቦታ የሌላ ሰው ቦታ ሆኖ ይገኛል። ደግሞ ትንሽ ከተማ ክፋቷ፣ ያለባት ሰው ሁሉ ሊሄድ የተነሳ ይመስላል፣ መምህሩ ደብረ ማርቆስ መዛወር ይፈልጋል፣ ማርቆስ ያለው ባሕር ዳር ያምረዋል፣ የደብሬ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ እናቷን ነይ ትላለች፣ እኛ ከላይ የወረድነው ብቻ ደረስን ብለን ቁጭ ብለናል፣ የት እንደደረስን ግን የሚነግረን የለም። እንጉዳይ አግዳሚው ድረስ እንኳ አትወጣም፣ ከቤት ውላ ከምሰሶው ሥር ትቀመጣለች፣ ሐኪሙ ደሟ ከፍ ብሏል እያለ መድኃኒት ይጨምርባታል።

ነገሩ የጀመረው በአፈር ነው። ክረምቱ ገብቶ ነበር፣ አንድ ጠዋት ብነሳ ከምሰሶው ሥር ሊሾው ላይ ቀይ አፈር ተበትኗል፣ ትንሽ ነው፣ አይጥ የጫረችው ያህል። አይጥ ነው አልኩ። በኋላ ነው ያሰብኩት፣ አይጥ ከየት አምጥታ? አምበር ጥቁር አፈር ነው፣ ብትቆፍር ብትቆፍር ጥቁር ነው። በማግስቱም ነበር፣ ከዚያ ወዲያም ነበር። እንጉዳይ በመጥረጊያ ሰብስባ ወደ ውጭ አትጥለውም፣ መልሳ ከምሰሶው እግር ሥር በእጇ ትጠቀጥቀዋለች፣ አየኋት፣ አየችኝ።

ከዚያ የነፍስ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ፣ ዲማ ገዳም የተማሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ረጩ፣ ባረኩ፣ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ጎሽ ጫኔ፣ ከተማ ብትገባም ከብቱን አልተውክም፣ የት ነው የምታሰማራቸው?» አሉኝ። ከብት እንደሌለኝ ስነግራቸው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዝ አድርገው ፈገግ አሉና «እንግዲያ የጎረቤት ነው የሸተተኝ» ብለው ሄዱ። ጎረቤታችን የእንጨት መጋዘን ነው።

አሁን ወደዚያች ማታ ልምጣልህ። ማታ ስልህ ገና ዓይን ለዓይን የሚያስተያይ ብርሃን ነበረ፣ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ዝናብ ያካፋል፣ ከደብሬ ሱቅ እየተመለስኩ ነው፣ ብደርስ ሰይድ ከክፍሉ ደጅ ዝናቡ ውስጥ ቆሟል፣ ወረቀቶቹን በደረቱ ታቅፎ፣ ቁልፉን በእጁ ይዞ።

«መምህር፣ ምነው? ቁልፉ እንቢ አለህ?»

ዘወር ብሎ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እኔን አየ፣ በሩን አየ፣ መልሶ እኔን አየ።

«ጋሽ ጫኔ፣ በየት ወጡ?»

«ከየት?»

«ከውስጥ ነዋ! አሁን ክፍሌ ውስጥ አልነበሩም?»

«እኔ ከደብሬ ሱቅ መምጣቴ ነው፣ ምን ነካህ ልጄ?»

«ወላሂ ሰምቻለሁ። የእርስዎ ድምፅ ነው። ‹መክት፣ ፈቀቅ በል፣ ለቦሬም ተውለት› ይላሉ። በሬ የገዙ መሰለኝ፣ እኔ ሳልኖር ክፍሌ ያስገቡት መሰለኝ፣ ልቆጣዎት ሁሉ ነበር፣ ከዚያ ቁልፉ ከእኔ ጋር መሆኑ ትዝ አለኝ።»

ወዳጄ፣ የመክትን ስም አምበር ላይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ እንኳን ለመምህሩ ለደብሬም አልነገርኳት፣ እንዲስቁብኝ አልፈለግሁም፣ የተሸጠ በሬ ስም ምን ይደረጋል።

«ስሙን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«እርስዎ ነዎታ! አሁን!»

ሽማግሌ ነኝና እኔ መቅደም ነበረብኝ፣ ቁልፉን ተቀብዬ ከፈትኩ። ከመክፈቴ በፊት ግን እኔም ሰማሁ፣ የዝናቡ ድምፅ ነው እንዳልል ዝናቡን ለይቼ ነው የሰማሁት፣ በሬ ሲያመሰኳ፣ ያ ቀስ ያለ፣ እየቆመ የሚቀጥል፣ ጠግቦ የተኛ ከብት ድምፅ፣ ስልሳ ዓመት እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ፣ ሊያሳስተኝ አይችልም። በሩን ገፋ ሳደርገው ድምፁ ቆመ። አልጋው አለ፣ ጄሪካኑ አለ፣ መጽሐፎቹ ተደርድረዋል፣ ሌላ ምንም የለም። ክፍሉ ግን ሞቃት ነበር፣ የእሳት ሙቀት አይደለም፣ የትንፋሽ ሙቀት ነው፣ ከብት ያለበት ቤት ከብርድ ስትገባ ፊትህን የሚቀበልህን ታውቀው የለም፣ እሱ ነው። ሄጄ ምሰሶውን ነካሁት፣ ርሷል፣ ከእጄም ፀጉር ወጣ፣ አጭር፣ ቀላ ያለ ዳማ። መክት ዳማ ነበር።

ሰይድ ከኋላዬ «ቢስሚላህ» አለ። እኔም «በስመ አብ» ልል አፌን ስከፍት፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእኛ ቤት በኩል፣ እንጉዳይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

«ጫኔ፣ ገቡ?»

አልመለስኩም፣ ምን እላለሁ፣ አፌ እንደተከፈተ ነው። ያኔ ከአጠገቤ፣ ከምሰሶው ሥር፣ በእኔ ድምፅ፣ ጉሮሮዬን ጠረግ እንደማደርገው አድርጎ፣ «ገብተዋል» አለላት።

ሰይድ ሰምቷል፣ ምስክሬ እሱ ነው። በማግስቱ ሌላ ቤት ተከራየ፣ ለሰው ግን አላወራብንም፣ እግዜር ይስጠው፣ «ዝናብ ያፈሳል» ነው ያለው።

እኔ ያን ማታ እንጉዳይን በጥያቄ ያዝኳት።

«ማነው የመለሰልሽ?»

«አንተ ነሃ፣ ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔ አልመለስኩም።»

እንደማያውቁት ሰው አየችኝ፣ በክፋት ግን አይደለም። «እሱን ስጠይቀው ይመልስልኛል፣ አንተ ደብሬ ሱቅ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ «ጉድጓዱን ተወው ብዬ ለስማቸው የነገርኩት እኔ ነኝ። ቤቱ መመለሻ አይጣ ብዬ ነው።»

«የምን መመለሻ? ቤቱ ይኸው መጥቷል እኮ!» ብዬ ምሰሶውን በመዳፌ መታሁት።

«እንጨቱ መጥቷል» አለች።

ከዚያች ማታ በኋላ እንጉዳይ ዳነች። ይኼን ስነግርህ ምሬቴ ይግባህ። ትበላለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ሐኪሙ ለክቶ «ምን አገኙ እማማ፣ ደምዎ እንደ ኮረዳ ሆኗል» አላት። የምመኘው ሁሉ ሆነ፣ ያለ እኔ ሆነ። ሰይድ ከለቀቀው ክፍል ቁርበቷን አንጥፋ ከብት በሚገባበት ሰዓት እዚያ ትገባለች፣ እኔ ስገባ ዝም ትላለች፣ ስወጣ ታወራለች። ስለዚህ አንድ ጠዋት አካፋዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ በትሬን ይዤ፣ ጉልበቴን እየተራገምኩ ወደ ሾላ በር ወጣሁ። ጉድጓዱን ልደፍነው ነው። አባቴ ያለው እውነት ከሆነ እንግዲህ በአካፋ ያልቃል አልኩ።

የእህቴን ልጅ ስማቸውን ከማሳው ዳር አረም ሲያርም አገኘሁት፣ እንደ ድሮው ሮጦ ጉልበቴን አልሳመም፣ ቀና ብሎ ቆመ።

«አጎቴ፣ ዛሬስ ሰላምታ አለዎት?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማታ ማታ ሲመጡ ነዋ። ቤቱ ከነበረበት ይቆማሉ፣ ከብት እንደሚያስገባ ሰው በትርዎን ያወዛውዛሉ፣ ‹አጎቴ፣ ግቡና እህል ቅመሱ› ብዬ ስጣራ ዞር አይሉም። ሚስቴማ ‹ከተማ ገብተው ናቁን› ብላ ተቀይማለች።»

«ስማቸው፣ ከሄድኩ ወዲህ ዛሬ ነው የመጣሁ።»

ሊስቅ አለ፣ ዓይኔን ሲያይ ተወው።

«እኔ እንጃ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጥጃዬ ከጉድጓዱ ገብቶ እግሩ ለጥቂት ነው የተረፈ፣ ልደፍነው አካፋ ይዤ ስሄድ እርስዎ ከላዩ ቆመው ነበር። ራስዎን ነቀነቁብኝ። የሰው ርስት ነው ብዬ ተመለስኩ።»

ብቻዬን ሄድኩ። ክረምት ነው፣ መሬቱ ሁሉ ውሃ አቁሯል፣ ጉድጓዱ ግን ደረቅ ነው። አፉ ለስልሷል፣ ምሰሶው ዛሬ ጠዋት የተነቀለበት ነው የሚመስል። ከዳሩ ሣሩ በሁለት ቦታ ተኝቷል፣ በሬ ያረፈበት ሣር እንዴት እንደሚተኛ አውቃለሁ፣ ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ነካሁት፣ ሞቅ ይላል። ደግሞ ከጉድጓዱ አፍ፣ በዚያ ቀይ አፈር ላይ፣ እፍኝ የማይሞላ ጥቁር ዋልካ ፈሷል። የአምበር አፈር ነው። አልነካሁትም።

አካፋዬን ተከልኩና አፈር ዛቅሁ፣ ከጉድጓዱ በላይ ያዝኩት። ያኔ እንጉዳይ በሐሳቤ መጣችብኝ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ደሟ ረግቶ፣ «ገቡ?» ስትል። ይኼን ብደፍን የምትጠይቀው ማንን ነው፣ እኔን? እኔ ምን አለኝና፣ ከብት የለኝ፣ ጋጣ የለኝ፣ ያለኝ አግዳሚ ነው። አፈሩን ወደ ጎን አፈሰስኩት። የስማቸውን ጥጃ አስቤ እሾህ ቆርጬ ዙሪያውን አጠርኩለትና ተመለስኩ፣ እንግዲህ ምን በለኝ።

አምበር ስደርስ ያው ከብት መግቢያ ሰዓት ነው፣ መብራት የለም፣ አስፋልቱ ላይ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይቸኩላል። ከቤቴ ደጅ ደረስኩ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ እንጉዳይ ሳቀች። ያንን ሳቅ ሾላ በር እያለን ነው የማውቀው፣ እዚህ ሰምቼው አላውቅም፣ እጄ እንደተነሳ ቀረ።

«ዛሬ አካፋ ይዞ መጣ?» ትላለች።

«መጣ» ይላል የእኔ ድምፅ፣ «ግን አልደፈነውም። እሾህ አጠረበት።»

«አላልኩህም?» አለች፣ «ክፉ ሰው አይደለም እኮ።»

እመነኝ ወዳጄ፣ ስለ እኔ እንዲህ ስትል በዕድሜዋ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ለእኔ ግን አልነበረም የነገረችው። ምን ላድርግ፣ በገዛ ቤቴ ደጅ ቆሜ፣ እግሬ ቀይ ጭቃ እንደያዘ፣ እንግዳ እንደሚጣራው «ቤቶች!» አልኩ።

ማመስኳቱ ቆመ። ከዚያ ከበሩ ወዲያ፣ በጣም ቅርብ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አደረገና በእኔው ድምፅ «ማነው?» አለኝ።

ማነኝ ልበለው? ከጣሪያው ጥግ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጨለምለም ሲል እንጉዳይ ከፍታ ወጣች፣ «ምነው ደጅ ትቀመጣለህ፣ ግባ እንጂ ይበርድሃል» አለችኝ፣ ገባሁ፣ ማንም የለም፣ ከምሰሶው ሥር ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ እሷ ያልተቀመጠችበትን በእጄ ነካሁት። ምን እንዳገኘሁ አልነግርህም።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ሰዓት ስትደርስ ደብሬ ሱቅ ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እስክታልፍ። አስር አለቃ «ለመድህ አይደል?» ይለኛል፣ «ለመድሁ» እለዋለሁ። አንገቴም መታመም ትቷል፣ ወደ ላይ አላይማ። በቀደም እንጉዳይ ራሷ ጨው ልትገዛ መጣች፣ ከእኛ ጋር ቆማ እያለ፣ ደብሬ በአስፋልቱ ማዶ ወደ ቤታችን አሻግራ አየችና፣ «አያ ጫኔ፣ ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ፣ በራችሁን ማን ዘጋው?» አለች። ሁላችንም ዞረን አየን፣ ተዘግቷል፣ የቀረቀርነው በር አልነበረም፣ በጢሱ ቀዳዳ ጢስ ይወጣል።

እንጉዳይ ጨውን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ፊቷ ምንም አልሆነ። «መሸ፣ ከብቱ ገብቷል፣ ልሂድ» አለችና አስፋልቱን ተሻገረች።

እንሂድ አላለችኝም።